ከአዲሱ መርከብ በፊት የጠፉት ይመዝገቡ

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ወደቀች፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. አሰብ ተለቀቀች። በእነዚህ አሥራ አምስት ወራት ኢትዮጵያ ከሠላሳ ዓመት በላይ የደከመችበትን ባሕር ኃይል አጣች። ከመርከቦቹና ከጀልባዎቹ አንዳንዶቹ በተኩስ ሰመጡ፣ አንዳንዶቹ ባሕር ተሻግረው በሰው አገር ወደብ ዝገው ቀሩ፣ የተረፉትም በዕዳ ተይዘው በሐራጅ ተሸጡ። የትኛዋ መርከብ መቼ፣ የትና እንዴት እንደጠፋች፣ እነማንን ይዛ እንደሰመጠች በስም የሚዘረዝርና ማንም ዜጋ ሄዶ ሊያነበው የሚችል መዝገብ ግን እኔ እስከማውቀው ድረስ እስከ ዛሬ አልወጣም። አሁን ባሕር ኃይሉ እንደገና እየተደራጀ ነው። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ጉዳዩ የመንግሥት ዕቅድ ሆኗል፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የመጀመሪያዋ አዲስ መርከብ ባንዲራ ከመስቀሏ በፊት የጠፉት መርከቦች መዝገብ ይዘጋጅ፣ ለሕዝብም ይገለጥ። ይህ የሙታን መታሰቢያ ብቻ አይደለም። ያ ሁሉ መርከብ በምን እንደጠፋ ሳናውቅ ሌላ ብንገዛ፣ በዚያው መንገድ እናጣዋለን።

የጠፋው ነገር ትንሽ አልነበረም። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ሠፈርና የመኮንኖች ትምህርት ቤት አቋቋመ። የኖርዌይ መኮንኖች አሠለጠኑ፤ የእኛም ወጣቶች ወደ ውጭ አገር የባሕር ኃይል አካዳሚዎች ተላኩ። በጥር 1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጣችው «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብና ተንሳፋፊ ትምህርት ቤት ሆነች። 95 ሜትር ገደማ የምትረዝመው ይህች መርከብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን «ኦርካ» በሚል ስም የባሕር አውሮፕላኖችን ስታገለግል ቆይታለች። ዕጩ መኮንኖች የተማሩባት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በባሕር ኃይል ቀን የሚጎበኟት፣ የአሜሪካ፣ የሶቪየት፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ የጦር መርከቦች ምጽዋ ሲመጡ አጠገቧ የሚቆሙላት መርከብ ነበረች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያሳዝነኛል። መርከቧ «ኦርካ» ሳለች የት እንደተሠራች፣ መቼ ውኃ እንደነካች፣ በየትኛው ዘመቻ እንደተሰለፈች የአሜሪካ ባሕር ኃይል በታተመ ታሪኩ ጽፎታል። «ኢትዮጵያ» ከተባለች በኋላ የኖረችው 29 ዓመት ግን፣ ከዚያኛው ዕድሜዋ ብዙ የሚረዝመው ማለት ነው፣ ይህን የሚያህል የራሱ ጸሐፊ አላገኘም።

ከአብዮቱ በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ። ከባሕር ኃይሉ ከፍተኛ አዛዦች አንዱ የነበሩት ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ከተረሸኑት ስልሳ ሰዎች አንዱ ሆኑ። በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወዳጅነት ሲቋረጥ፣ ከታዘዙት ስድስት የጥበቃ ጀልባዎች የደረሱት አራት ብቻ ነበሩ። ቀጥሎ ሶቪየት ኅብረት ሚሳይል ተሸካሚ ጀልባዎችን፣ ቶርፔዶ ጀልባዎችን፣ ወታደርና ታንክ ወደ ባሕር ዳርቻ የሚያደርሱ መርከቦችን፣ በ1970ዎቹም ሁለት ፍሪጌቶችን ሰጠች፤ ለራሷም በዳህላክ ደሴቶች መካከል ኖክራ ላይ ሠፈረች። በ1970 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ በተከበበች ጊዜ የባሕር ኃይሉን ሠፈር ከመውደቅ ካዳኑት ነገሮች አንዱ ከባሕር የሚተኮሰው መድፍ ነበር። ከዚያ በኋላ የአዛዦቹ እምነት ባሕሩ በእጃችን እስካለ ድረስ ወደቡ አይወድቅም የሚል ሳይሆን አይቀርም። በ1982 የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፦ ወደቡ ሲወድቅ ባሕሩም ከእጅ ወጣ።

ምጽዋ ላይ መርከቦች እንዲህ ሲጠፉ የ1982ቱ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1932 ዓ.ም. ጣሊያን ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ቀይ ባሕር ላይ አጥፊ መርከቦች፣ ስምንት ሰርጓጅ መርከቦችና በርካታ ትናንሽ ጀልባዎች ነበሯት። ከሰርጓጆቹ አራቱ በዚያው ሰኔ ወር ጠፉ፦ «ማካሌ» ተቀርቅሮ ቀረ፣ «ጋሊሌይ» ተማረከ፣ «ቶሪቼሊ» እና «ጋልቫኒ» ሰመጡ። ይህን ያህሉን ባሕሩ ላይ የተደረገው ጦርነት ወሰደ። እስከ መጨረሻው ምጽዋ የቀረውን ኃይል ግን ያጠፋው ባሕሩ አልነበረም፤ ከረን ላይ በየብስ የደረሰው ሽንፈት ነበር። በመጋቢት 18 ቀን 1933 ዓ.ም. የከረን ተራራ ሲለቀቅ የምጽዋ ነገር አበቃለት። እንግሊዞች በየብስ አሥመራን አልፈው ወደ ቆላው ሲወርዱ፣ ከመርከቦቹ የቻሉት ለመጨረሻ ጊዜ ወጥተው ጠፉ፣ ሌሎቹን የራሳቸው ሠራተኞች በገዛ እጃቸው ወደቡ ውስጥ አሰመጧቸው። መጋቢት 30 ምጽዋ ተያዘች። በማግሥቱ ዓመት ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ መጥቶ የሰመጡትን መርከቦችና ተንሳፋፊ መጠገኛዎች በዚያ ሙቀት አንድ በአንድ ሲያወጣ ከረመ፤ ሥራውንም በመጽሐፍ አስቀምጦታል። ከአርባ ዘጠኝ ዓመት በኋላ በዚያው ወደብ የሆነው በመልኩ ያንኑ ይመስላል። በመጀመሪያ የብሱ ተሸነፈ፤ በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍአበት በሻዕቢያ እጅ ወደቀች። የካቲት 1 ቀን 1982 ዓ.ም. ሻዕቢያ «ፈንቅል» ያለውን ዘመቻ ጀመረ፤ በሁለት ቀን ውስጥ የአሥመራን መንገድ ቆርጦ ምጽዋ ገባ። በባሕሩ በኩል መትረየስ የተጠመደባቸው ፈጣን ትናንሽ ጀልባዎች መርከቦቹን ያጠቁ ነበር። የባሕር ኃይሉ ሠፈርና ደሴቶቹ ለጥቂት ቀናት ብቻቸውን ተዋግተው ወደቁ፤ የምድር ጦሩ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ እጅ ከመስጠት ራሳቸውን መግደልን መረጡ። የእሳቸው ስም ዛሬም ይነሣል፤ ከጀልባ ላይ የወደቁት ባሕረኞች ስም ግን ከቤተሰቦቻቸው ደጅ አላለፈም።

አሰብ ላይ ደግሞ የተለየ ነገር ታየ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ርዕሰ ብሔሩ አገር ጥለው ሲወጡና አሥመራ ስትያዝ፣ የተረፉት መርከቦች የሚመለሱበት ወደብ አልነበራቸውም። ወደብ ውስጥ የቀሩት ጠፉ፤ መውጣት የቻሉት ነዳጃቸው የፈቀደውን ያህል ተጉዘው፣ ብዙዎቹ ወደ የመን ጥቂቶቹም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ተሻገሩ። «ኢትዮጵያ» ራሷ የመን ደረሰች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። የቀሩት ከየመን ሲባረሩ ወደ ጅቡቲ ሄዱ። በመስከረም 1989 ዓ.ም. ጅቡቲ ያልተከፈለ የወደብ ዕዳ አለባቸው ብላ ለሐራጅ አቀረበቻቸው። ከገዢዎቹ አንዷ ኤርትራ ነበረች፤ አንድ ሚሳይል ተሸካሚና ሦስት የጥበቃ ጀልባዎች ወሰደች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሁለቱ አገሮች ጦር ተማዘዙ። እነዚህ መርከቦች በጠላት ጥይት አልሰመጡም፤ በወረቀት ጠፉ ማለት ይቻላል። የሚጠብቋቸው ሠራተኞች ግን ነበሯቸው። በባዕድ ወደብ መርከብ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቁት እነዚያ ሰዎች ናቸው፤ የውጊያ ታሪክ ብቻ የሚፈልግ ሰው ዘወትር የሚዘላቸውም እነሱን ነው።

እንግዲህ መዝገቡ ቢወጣ የሚናገረው ዋና ነገር ምንድን ነው? ባሕር ኃይላችንን ያሸነፈው ሌላ ባሕር ኃይል አለመሆኑን ነው። መርከቦቹ የጠፉት ከበስተጀርባቸው ያለው የብስ ስለተሸነፈ፣ ወደቡም የሰላም ሳይሆን የከበባ ወደብ ስለነበረ ነው። ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር፣ ዩክሬናውያን ዋና መርከባቸው «ሄትማን ሳሃይዳችኒ» እንዳትማረክ ፈርተው ሚኮላይቭ ወደብ ውስጥ ራሳቸው አሰመጧት። በሚያዝያ ወር ደግሞ የሩሲያ የጥቁር ባሕር ዋና መርከብ «ሞስክቫ» ከየብስ በተተኮሰ ሚሳይል ሰጠመች። ከዚያ በኋላ ሰው አልባ ትናንሽ ጀልባዎች ትላልቆቹን መርከቦች ከምዕራብ ጥቁር ባሕር እያባረሩ ሄዱ። በቀይ ባሕርም በየካቲት 2016 ዓ.ም. «ሩቢማር» የተባለችው ጭነት መርከብ ሁቲዎች በመቷት ሚሳይል ሰጥማለች፤ ማዳበሪያ ጭና ነበር። በትናንሽ ጀልባዎች ትላልቅ መርከቦችን ማስጨነቅ ሻዕቢያ ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት በእኛው ላይ የሠራበት ነገር ነው። ይህን ትምህርት በደማችን ከፍለን ገዝተነዋል፤ ግን አልጻፍነውም። በታህሳስ 2016 ዓ.ም. ከሶማሊላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ፣ በዓመቱም ከሶማሊያ ጋር የወጣው የአንካራ መግለጫ የባሕር በር ጥያቄን የዕለት ንግግር አድርገውታል። በዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ «መርከብ ያለ አስተማማኝ ወደብ ምን ሆኖ ቀረ?» የሚለው ጥያቄ ከልምዳችን መልስ አለው። መልሱ የሰጠሙት መርከቦች ዘንድ ነው።

ይህ የባሕር ዳርቻ ከተማ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ ለምሳሌ በቆጂን የመሰለ የደጋ ከተማንና ባሕርን ምን ያገናኛቸዋል ይላል። በቆጂ ከጭላሎ ወዲያ በአርሲ ደጋ ላይ ያለች የገብስና የስንዴ ከተማ ናት፤ ዓለም የሚያውቃት በሯጮቿ ነው። ግን የዚህ ደጋ ገበሬ በየክረምቱ የሚጠብቀው ዩሪያና ዳፕ በመርከብ ተጭኖ የሚመጣ ነው፤ በዚያ ዘመን በአሰብ በኩል፣ ዛሬ በጅቡቲ። ባሕሩ ላይ የሚሆነው የበቆጂ አካባቢ ገበሬ ማሳ ላይ በአንድ ክረምት ይታያል። ከዚህም በላይ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ የአርሲ ወጣቶችም እንደ ሌላው አገር ልጅ በገበሬ ማኅበርና በቀበሌ እየተቆጠሩ ሄደዋል። ወደ ሰሜን የሄደ የደጋ ልጅ ምሽግ ውስጥም ይቅር ወደብ ላይ፣ እናቱ ዘንድ የደረሰው ዝምታ አንድ ነው። መመዝገብ የማይቻል ነገር አለመሆኑንም ይህች ከተማ ከማንም በላይ ታውቃለች። አሰብ ከተለቀቀች ከአሥራ አራት ወር በኋላ፣ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታገኝ የገባችበት ሰዓት 31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ከ2 መቶኛ ተብሎ ተጽፎ ይኖራል። አንድ የበቆጂ ልጅ የሮጠችው እስከ መቶኛ ሰከንድ ሲመዘገብ፣ የሌላ የደጋ እናት ልጅ የሞተበት ቀንና ቦታ ሳይጻፍ መቅረት የለበትም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባድ ነው። ያ ባሕር ኃይል በመጨረሻ ዘመኑ የደርግ ነበር፤ የተዋጋውም በወገን ላይ በተደረገ ጦርነት ነው፤ ታዲያ ለምን እናስበዋለን? መልሴ መመዝገብና ማወደስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። የአርጀንቲናን ታሪክ እንመልከት። በ1974 ዓ.ም. አገሪቱን የሚገዛው የገዛ ዜጎቹን በሺህ የሚቆጠሩትን ያጠፋ ወታደራዊ ጁንታ ነበር፤ የፎክላንድ ደሴቶችን ጦርነት የጀመረውም እሱ ነው፤ ጦርነቱንም ተሸነፈ። በሚያዝያ 24 ቀን «ጄኔራል ቤልግራኖ» የተባለችው መርከባቸው በእንግሊዝ ሰርጓጅ ተመታ ስትሰጥም 323 ሰዎች ሞቱ። አርጀንቲና የጁንታውን መሪዎች ለፍርድ አቀረበች። የመርከበኞቹን ስም ግን ከሌሎቹ ሟቾች ጋር በቦነስ አይረስ መካከል በድንጋይ ላይ ቀረጸች፤ በጠቅላላው 649 ስም። የአገዛዙ ኃጢአት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ባሕረኛ ኃጢአት አይደለም። እኛም ብንሆን ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አዲስ አበባ ያለው የትግላችን ሐውልት በኦጋዴን ጦርነት የወደቁትን ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን የሚያስብ፣ ደርግ ራሱ ያቆመው ነው፤ ሐውልቱን ያቆመው መንግሥት ወድቆ ሐውልቱ ግን አልፈረሰም። ይልቁንም እውነተኛ መዝገብ ለአገዛዙ አይመችም። ምጽዋ ከወደቀች በኋላ የደርግ አየር ኃይል ከተማዋን በቦምብ ሲደበድብ ሲቪሎች እንዳለቁ፣ ለረሃብተኛ የመጣ እህል ወደቡ ላይ እንደተቃጠለ እዚያው ገጽ ላይ መጻፍ አለበት። ይህን የሚተው መዝገብ እኔ የምጠይቀው መዝገብ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከኤርትራ ጋር ያለውን ነገር ይመለከታል። ዛሬ በሁለቱ አገሮች መካከል ውጥረት ባለበት ሰዓት የምጽዋንና የአሰብን ስም ማንሣት እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው የሚሉ አሉ። ስጋቱን አልንቀውም። ቢሆንም የሚያደፋፍረው ያልተጻፈው ታሪክ ይመስለኛል፤ ዝርዝሩ የማይታወቅ ሽንፈት ለማንም ተናጋሪ ይመቻል፣ እንደፈለገም ይቀረጻል። ባሕር ኃይል ነበረን፣ ተወሰደብን የሚል መፈክር ቀላል ነው። አንዲት ጀልባ ስንት ሰው ይዛ፣ በየትኛው ቀን፣ ወደብ አጥታ እንደጠፋች ያነበበ ሰው ግን ስለሚቀጥለው ጦርነት ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። መዝገቡ የይዞታ ጥያቄ አይደለም፤ የሰመጠው ብረት የማን ነው የሚለውን ለሕግ ሰዎች ይተወዋል። በዚያ ላይ በባሕር ኃይሉ ውስጥ ብዙ ኤርትራውያን አገልግለዋል፤ በሻዕቢያ ጀልባዎች ላይ የወደቁትም የእናት ልጆች ናቸው። ስማቸው ቢገኝ በዚያው መዝገብ ላይ በራሳቸው ዓምድ ቢሰፍር ምን ይጎዳል? ፖላንዶች በታህሳስ 1982 ዓ.ም. በሻዕቢያ ተመትታ ቀይ ባሕር ላይ የተቃጠለችውን «ቦሌስላቭ ክሺቮውስቲ» የተባለች የንግድ መርከባቸውን ስም፣ ቀንና የሠራተኞቿን ዕጣ ጽፈው አስቀምጠዋል፤ በዚያ ምክንያት ከማንም ጋር አልተጣሉም።

በየብስ ያለቀው ሠራዊት እጅግ ይበልጣል፣ ለምን ከመርከብ እንጀምራለን የሚልም አለ። ትክክል ነው፣ ይበልጣል። መርከብ ግን የሚቆጠር ነገር ነው፤ ቁጥር አላት፣ የሠራተኛ ዝርዝር አላት፣ የገባችበትና የወጣችበት ቀን ይጻፋል። ከሚቻለው መጀመር ሌላውን መተው አይደለም።

የሚያስቸግረኝ የመጨረሻው ተቃውሞ ነው፦ ሰነዱ በምጽዋና በአሰብ ጠፍቷል፣ ከየት ይገኛል? ወደቡ ላይ የነበረው ወረቀት በከፊል መጥፋቱን እቀበላለሁ። የጦር መርከብ ግን አንድ አገር ብቻ አይጽፋትም። የሰጠች አገር ትጽፋታለች፤ ስለዚህ የአሜሪካ፣ የሩሲያና የኖርዌይ ቤተ መዛግብት አሉ። ያስጠጋች አገር ትጽፋታለች፤ የመንና ሳዑዲ አሉ። የሸጠች አገር ትጽፋታለች፤ የጅቡቲ ወደብ የሐራጅ ሰነድ አለ። በአገር ውስጥም የመከላከያ ሚኒስቴር የደመወዝና የጡረታ ዝርዝር፣ የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አሉ። ከሁሉ በላይ ሰዎቹ አሉ። በ1982 ሃያ ዓመት የሆነው ባሕረኛ ዛሬ ከሃምሳ አምስት አልፏል፤ በ1950 ዕጩ መኮንን የነበረው ሰማንያዎቹን እየገፋ ነው። አንዳንዶቹ አዲስ አበባ፣ አንዳንዶቹ በአሜሪካና በአውሮፓ ይኖራሉ፤ እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ፣ ፎቶግራፍ ይዘዋል፣ የመርከብ ጓደኞቻቸውን ስም በቃላቸው ያውቃሉ። ይህ ምንጭ ደግሞ የሚያረጅ ምንጭ ነው። ሰነድ አርባ ዓመት ሊጠብቅ ይችላል፤ እነዚህ አባቶች ግን አይጠብቁም። በሩሲያ የ«ሞስክቫ» መርከበኞች ወላጆች የልጆቻቸውን ስም ከመንግሥት ለማግኘት የተንገላቱት ገና ሐዘኑ ትኩስ ሳለ ነበር። የእኛዎቹ ወላጆች ግን አብዛኞቹ ሳይሰሙ ሞተዋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። የመከላከያ ሚኒስቴር አዲሱን ባሕር ኃይል የሚያደራጀውን ክፍል አንድ ትንሽ ቡድን እንዲያቋቁም ያድርግ፤ ውስጡ የቀድሞ ባሕረኞችና ከመንግሥት ነጻ የሆኑ የታሪክ ምሁራን ይግቡበት፤ ለእያንዳንዷ መርከብና ጀልባ አንድ ገጽ ይስጥ፦ ስሟ ወይም ቁጥሯ፣ የመጣችበት አገር፣ የጠፋችበት ቀን፣ ቦታና ምክንያት፣ የሞቱት ሰዎች ስምና የትውልድ ወረዳ። ምክንያቱ ያልታወቀ ከሆነ ያልታወቀ ተብሎ ይጻፍ። ወረዳዎችም እጃቸውን አያጥፉ። በቆጂ፣ አሰላና በየደጋው ያሉ ቀበሌዎች በዚያ ዘመን የዘማቾችን ዝርዝር ይይዙ ነበር፤ እድሮችና የእምነት ቤቶችም ያልተመለሰውን ሰው ያስታውሳሉ። አባትዎ፣ ወንድምዎ ወይም ጎረቤትዎ በባሕር ኃይል አገልግለው ከሆነ፣ መንግሥት እስኪጠይቅዎ አይጠብቁ፤ ስሙን፣ የሄደበትን ዓመትና የመጨረሻውን ደብዳቤ የጻፈበትን ቦታ ዛሬ በወረቀት ያስፍሩ።